ፕሮሰስ ያሳደጋቸው ልጆች

እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ አንዱን ሠፈር ምረጡና «የእገሊት ልጅ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?» ብላችሁ ጠይቁ። «እሷማ ፕሮሰስ ላይ ናት» የሚል መልስ የማይሰማበት መንደር ካለ ንገሩኝ። ፕሮሰስ ዛሬ ክፍል ሆኗል፤ ዕድሜም ሆኗል፤ አድራሻም ሆኗል። ፕሮሰስ ላይ ያለ ልጅ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገባም፤ «ዘንድሮ ይሄድ የለ እንዴ!» ጥርሱን ቢያመው ትንሽ ይታገሣል፤ እዚያ ሄዶ ይታከማል። ቢያጠፋ አጥብቆ የሚቆጣው የለም፤ የሰው አደራ ነዋ! አደራው ላኪ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ሰነድ አለው። «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ስለ ዲቪ፣ ስለ ደላላ፣ ስለ ውሸት ጋብቻ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ቪዛው ከተመታ በኋላ ስላለው ነገር ነው። ቦሌ ላይ ይለቀሳል፤ እዚያ ማዶ አበባና ፊኛ ይዘው ይቀበላሉ፤ ፎቶው ይላካል፤ «ቤተሰቡ ተገናኘ» ይባላል። ለመሆኑ ተገናኘ ወይ? እናትየዋ ልጇን አግኝታለች፤ ይኼ አይካድም። ልጅቷስ? ልጅቷ በዚያው ቀን፣ በዚያው አውሮፕላን እናቷን አጥታለች፤ እናት ብላ የምታውቀው አያቷን ነበርና።

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። የእህቴን ልጅ ከሁለት ዓመት ተኩሏ እስከ አሥራ አንድ ዓመቷ ያሳደገቻት እናቴ ናት። እህቴ በ2005 ዓ.ም. በዲቪ ሄደች። ልጅቷን ፎርሙ ላይ አስመዝግባታለች፤ አልደበቀቻትም። ልጁን ሳያስመዘግብ የቀረ ባለ ዕድል ራሱም እንደሚወድቅ የሚያውቅ ሰው አይደብቅም። ችግሩ ገንዘብ ነበር። የቪዛው ክፍያ በሰው 330 ዶላር፤ በዚያ ላይ የሕክምና ምርመራ፤ በዚያ ላይ ትኬት። የአንድ ሰው ሞላ፣ የሁለት ሰው አልሞላም። «እኔ ልቅደምና ሠርቼ እወስዳታለሁ» አለች። ይህችን ቃል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም።

ማንም ያልነገራት ዲቪ ቀነ ገደብ እንዳለው ነው። በዲቪ የተመዘገበ ልጅ ከወላጁ ጋርም ሆነ ከወላጁ ኋላ ቪዛ ሊያገኝ የሚችለው የዚያ የአሜሪካ የበጀት ዓመት ሳይዘጋ ነው። የሚዘጋው በፈረንጆች ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ መስቀል ካለፈ በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። ያ ቀን ካለፈ የዲቪ ልጅነቱ አበቃ። ወላጁ እንደ አዲስ አመልክቶ ለግሪን ካርድ ያዦች ልጆች በተመደበው ኮታ መሰለፍ አለበት። ያለዚያ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ዜግነት ወስዶ፣ ያለ ኮታ መጠየቅ ነው (ያለ ኮታ ማለት ያለ ወረቀት ማለት እንዳይመስላችሁ)። ልጁ 21 ዓመት ከሞላው ወደ ረዘመው ሰልፍ ሊወረወር ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሕግ በዕድሜ አቆጣጠሩ ላይ ጥቂት አቃለለ እንጂ አደጋውን አላጠፋውም። የግሪን ካርድ ያዥ ልጅ ሆኖ ካገባማ ሰልፍም የለው። በአንድ መስከረም ያመለጠ ትኬት ከዚያች ሕፃን ዕድሜ ላይ ስምንት ዓመት ተኩል በላ።

እርግጥ ነው፣ ስምንቱም ዓመት የአሜሪካ ጥፋት አይደለም። ማመልከቻውን ለማስገባት እህቴ ራሷ ገንዘብ ስታጠራቅም ሦስት ዓመት አለፋት። ኮሮናም የራሱን ድርሻ ወሰደ። የቀረውን የወሰደው ግን የእኛው አገር ወረቀት ነው።

ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ በአባቴ ስም ተመዘገበች። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ነው የሞተው። አያት ያሳደገው ልጅ በአያቱ ስም ቢጠራ በአገራችን ነውር የለውም፤ አባቴም ደስ ብሎት ነበር። ትምህርት ቤትም «ለምን?» ያለ የለም። ፓስፖርት ለማውጣት ስንነሣ ነው ጉዱ የታየው፤ ልጅቷ በወረቀት የእናቷ ታናሽ እህት ሆናለች! ይህን ለማቃናት ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ፍርድ ቤት የተመላለስኩት እኔ ነኝ። አንዱ ዘንድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሌላው ዘንድ መዝገቡ የለም፤ ሦስተኛው ዘንድ «ሲስተም የለም»። ፈረንጆቹ የጠየቁን አንድ የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ የእኛዎቹ ያንን አንድ ወረቀት ለመስጠት ስድስት ወረቀት ጠየቁን። ከስድስቱ አንዱ ደግሞ፣ አትሳቁ፣ የልደት ማስረጃ ነበር።

ነገሩ የአንድ ቀበሌ ስንፍና ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደትና ስለ ሞት መዝገብ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ደንግጎ ነበር። ድንጋጌው ሥራ ላይ የሚውልበት ትእዛዝ ሳይወጣ ንጉሡ ሄዱ፤ ደርግ መጥቶ ሄደ፤ ኢሕአዴግ መጣ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ክረምት ነው። አምሳ ስድስት ዓመት! ሦስት መንግሥታት እርስ በርስ በምንም ሳይስማሙ ሕፃናትን ባለመመዝገብ ብቻ ተስማምተው ኖሩ። ከዚያ ፈረንጅ «መቼ ተወለደ?» ሲል የክርስትና ካርድ ይፈለጋል፤ ጎረቤት ይመሰክራል፤ «ያን ጊዜ እኮ በቅሎ ቤት ጎርፍ የገባ ዕለት ነው» ይባላል። ይባስ ብሎ አንዱ ጸሐፊ በእኛ አቆጣጠር 1995 የተወለደን ልጅ «ዓ.ም.» የምትለዋን ሳይተረጉም 1995 ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፍለታል። ልጁ ባንድ ብዕር ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ከሰልፍ በሚወጣበት አገር ይኼ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ወረቀት ሲያጠራጥር ዲኤንኤ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ናይሮቢ ላይ፣ ከዚያም አዲስ አበባን ጨምሮ በሌሎች የአፍሪካ ከተሞች፣ ቤተሰቦቻቸው ዘንድ ለመሄድ ያመለከቱ ስደተኞችን በዲኤንኤ ፈትኖ ነበር። የተናገሩት ዝምድና በሙሉ እውነት ሆኖ የተገኘላቸው ቤተሰቦች ከ20 በመቶ በታች ናቸው ተባለ። በዚህ ምክንያት ፕሮግራሙ ተዘግቶ እስከ 2012 ቆየ። ውሸት አልነበረም አልልም፤ ነበር፣ በገንዘብም ተሽጧል። ነገር ግን ወንድሙ የሞተበት ሰው የወንድሙን ልጅ አምጥቶ «ልጄ» ብሎ ሲያሳድግ፣ ማነው ውሸታም የሚለው? በእኛ አገር እኮ «ልጄ አይደለም» ብሎ መናገር ነው ነውሩ። የላቦራቶሪው መልስ «አዎ» ወይም «የለም» ነው፤ ለዚህኛው ዝምድና መስመር አልተሠራለትም።

የእኛም ጉዳይ መጨረሻው እዚያ ደረሰ። ጉንጯ ውስጥ ጥጥ አዙረው ወሰዱ። ስንወጣ «ምን እየፈለጉ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እናትሽን» አልኳት።

«እማዬማ ቤት ናት» አለችኝ።

እማዬ የምትላት እናቴን ነው። የወለደቻትን የምትጠራት «እትዬ» ብላ ነው፤ ምክንያቱም እኔ ታናሽ ወንድሟ ስለሆንኩ እህቴን እትዬ እላታለሁ፤ ልጅቷም ከእኔ ሰምታ ያዘችው። በኢሞ ሲደወል እናቴ ስልኩን ከመክፈቷ በፊት ልጅቷን ስታለማምዳት እሰማ ነበር። «ዛሬ እማዬ ነው የምትያት፤ እሺ የኔ ልጅ?» ትላታለች። ልጅቷ አንድ ቀን «እሺ፤ አንቺንስ?» ብላ መለሰችላት። እናቴ ለዚህ መልስ አልነበራትም። አልሸሽጋችሁም፣ እኔም እስካሁን የለኝም።

አያት ያሳደጋቸው ልጆች ያሉበት ቤት ሁሉ ይህን ያውቃል። የማይታወቀው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ያለው ነው፤ እዚያ ያሉት አይነግሩንም፣ እኛም አንጠይቅም፤ የምንጠይቀው «ለመደች?» ብለን ነው። «ለመደች» ይሉናል። ልጅቷ ራሷ በኋላ የነገረችኝን ልንገራችሁ። የጠበቀችው በስልክ የምታያትን፣ ለብሳና ተቀባብታ የምትስቅ እናት ነበር። ያገኘችው ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋ ላይ የምትወድቅ ሴት ነው። እህቴ ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌ ስታገላብጥ ታድራለች፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ገንዘብ ትሰበስባለች። ለልጅቷ የተገዛላት አልጋ ጥሩ አልጋ ነው፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያደረችው ከእናቴ ጋር ባንድ አልጋ ነው። የመጀመሪያውን ወር ሌሊት ሌሊት ተነሥታ መሬት ላይ ትተኛ ነበር። ለምን ሲሏት «አልጋው ሰው የለውም» አለች።

ሌላም አለ። እህቴ እዚያ አግብታ ልጅ ወልዳለች። ወንድምየው እንግሊዝኛ ብቻ፣ እህትየዋ አማርኛ ብቻ። አንድ አባባል አለ አይደል፣ ቤት ውስጥ የባቢሎን ግንብ! ትምህርት ቤት ደግሞ አስተማሪዋ በአባቷ ስም ጠራቻት፤ እዚያ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ነው። እኔ ሁለት ዓመት ተንከራትቼ ያስተካከልኩላት ስም የማታውቀው ሰው ስም ነው፤ ስትጠራ ዞር አትልም። እናትየዋ በአባቴ ስም ትጠራለች፤ ትንሹ በአባቱ። ባንድ አፓርትማ ሦስት «የቤተሰብ ስም»። ትምህርት ቤቱ «በርግጥ እናቷ ነሽ?» ብሎ እህቴን ጠየቃት። ያን ቀን እህቴ ደውላ ያለቀሰችውን ልቅሶ ስትሄድም አላለቀሰችውም።

በዓመቱ ነገሩ ተገለበጠ። ልጅ ቋንቋ ይይዛል፤ ሁለት ፈረቃ የሚሠራ አዋቂ አይዝም። እህቴ የምትኖረው ዋሽንግተን ነው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ቅጾቻቸውን በአማርኛም ያዘጋጃሉ፤ አስተርጓሚም ያቀርባሉ። (የእኛ ቀበሌ በአማርኛ የጠየቅሁትን በአማርኛ ለመመለስ ስንት ጊዜ «ነገ ተመለስ» እንዳለኝ አሁን አላነሣም።) ይሁን እንጂ የቤት አከራይ፣ የመብራት ኩባንያ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት በአማርኛ አይመጣም። ስለዚህ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ የቤቱ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚና ጠበቃ ሆነች። ስልክ ይዛ «እናቴ እንዲህ ትላለች» ስትል እናትየዋ አጠገቧ ቆማ ትጠብቃለች። አሁን ማን ማንን ነው የሚያሳድገው? የሚገርመው ደግሞ «እናቴ» የምትለዋን ቃል መጀመሪያ የለመደችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለመብራት ኩባንያ ስታስረዳ።

ይኼ ሁሉ ለእኛ አዲስ ጉድ አይደለም። ቤተ እስራኤሎችን የሚያስታውስ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል ወደ ስምንት ሺህ ሰው ሲወሰድ ብዙ ልጆች ያለ ወላጅ ሄደዋል። ወሬው ወጥቶ በረራው ሲቋረጥ ወላጆች እዚህ ቀሩ። የተገናኙት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከመግባቱ ጥቂት ቀናት በፊት፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው ሲጓጓዝ። ወላጆች ደርሰው ልጆቻቸውን ሲያገኙ ልጆቹ በአዳሪ ትምህርት ቤት አድገው፣ የዕብራይስጥ ስም ወጥቶላቸው፣ አማርኛውም ትግርኛውም ጠፍቶባቸው ነበር። እናት ልጇን በሰጠችው ስም ጠርታ «አሁን እንደዚያ አልባልም» የሚል መልስ ሰማች። ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ እኛ ግን ከዚያ የተማርነው ነገር የለም፤ አሁንም ዓይናችን አውሮፕላኑ ላይ ነው። ዐረብ አገር ያሉት እህቶቻችን ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ የቤት ሠራተኛዋ ልጇን ትወስድ ዘንድ ፕሮሰስ የሚባል ነገር እንኳ የላትም። ለእነሱ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

አሁን ከዘመድ ጋር የምጣላበት ቦታ ደርሻለሁ። ልጅቷ እዚያ በገባች በስድስተኛው ወር አዲስ አበባ ያለው ዘመድ በሙሉ ፈረደባት። «አሜሪካ ገብታ ታኮርፋለች! ስንቱ በበረሃ በሚያልቅበት!» «ውለታ ቢስ ናት፤ እናቷ ለማን ብላ ነው የምትለፋው?» ውለታ? የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ማንን ብድር ጠይቃለች? ትታ የሄደችው አገር አይደለም፤ አገር ምን እንደሆነ ገና አታውቅም። ትታ የሄደችው አንዲት ሴት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ግቢ ነው። ሐዘን ላይ ያለን ሰው «ለምን አልሳቅህም?» ብሎ የሚቆጣ ወገን የለም፤ ልጅ ሲሆን ነው ሐዘኑ ኩርፊያ የሚባለው።

እህቴንም ተናግሬያታለሁና ብጽፈው አይከፋትም። «እንድትለምድ» ብላ ከእናቴ ጋር የምታወራውን ስልክ ወደ አሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ አውርዳው ነበር። ይህን የሚያደርጉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ቅናት ነው፤ ቅናቱም ይገባኛል፤ ዘጠኝ ወር አርግዛ፣ ስምንት ዓመት ሽማግሌ አገላብጣ፣ እናትነቱ ሌላ ሴት ጋ ሲሆንባት ያማል። ነገር ግን አያትን በመቁረጥ እናት አይተካም። ስልኩ በየቀኑ መሆን የጀመረ ጊዜ ነው ልጅቷ መሬት ላይ መተኛቷን የተወችው። ይህ ምስጢር አይደለም፤ ማንም ወላጅ ዛሬ ማታ ሊያደርገው ይችላል። ዲቪ ደርሷቸው «እኔ ልቅደም» የሚሉም ካሉ ተበድረውም ቢሆን ልጁን ይዘው ይሂዱ፤ የትኬት ዕዳ በሁለት ዓመት ይከፈላል።

የመንግሥት ነገር ቀረ። በ2016 ዓ.ም. እህቴ የአሜሪካ ዜግነት ወሰደች። በአሜሪካ ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለውና ከወላጁ ጋር የሚኖር ልጅ ወላጁ ዜጋ ሲሆን እሱም በዚያው ዜጋ ይሆናል። መሐላ የለም፣ ፊርማ የለም፣ «ትፈልጊያለሽ?» የለም። የእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ ያለ ራሱ ጥያቄ በሕግ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ በዚያ ዜግነት መብት መጠቀም ከጀመረ፣ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል ይላል። በፈቃዱ! የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት በአሜሪካዊነት ስትመዘገብ ሳታውቀው በፈቃዷ አገሯን ተወች ማለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ብሎ በኩራት ይጀምራል። ሁለቱን ያስታረቃት «በፈቃዱ» የምትል ቃል ናት።

ቢጫ ካርድ አለ ትሉኝ ይሆናል፤ አዎ፣ ከአዋጅ ቁጥር 270/1994 ጀምሮ አለ። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያስሠራል፤ መልካም ነው። ስሙ ግን የትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች መታወቂያ ነው፤ የውጭ ዜጋ ከሚለው አያወጣም። በ2010 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለዳያስፖራው በቀን አንድ ዶላር አዋጡ ብለው ጥሪ ሲያደርጉ የውጭ ዜጋ የሚል ቃል ትዝ አላቸው? አላላቸውም። ያን ጊዜ ሁሉም ወገን፣ ሁሉም ልጅ ነበር።

እናቴ የጎብኚ ቪዛ ጠይቃ ተከልክላለች። የአሜሪካ ሕግ ለጉብኝት የሚያመለክተውን ሁሉ ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ ሊቀር ነው ብሎ ነው የሚነሣው፤ አንዲት አሮጊት ምን አስረድታ ታሳምን? እንግዲህ መምጣት የምትችለው ልጅቷ ናት። ስትመጣ ሰማያዊ ፓስፖርት ይዛ፣ ተወልዳ ያደገችበት ከተማ ለመግባት ቅጽ ትሞላለች፤ «የጉብኝትዎ ዓላማ» የሚል መስመር አለው። ምን ብላ እንደምትሞላው በስልክ ጠየቀችኝ፤ «ቱሪዝም በይው» አልኳት። አዋጁን ያሻሽሉት አያሻሽሉት የፓርላማው ጉዳይ ነው። «በፈቃዷ» የምትለዋን ቃል ግን ያንሡልን።